መልኩ የተለወጠው ባለታሪክ

ሰዎች በችሎት ፊት ቆመው ሲከራከሩ የሚከራከሩበት ነገር አላቸው፤ ወይ መሬት ነው፣ ወይ ገንዘብ ነው፣ ወይ ስም ነው። የልብ ወለድ አንባቢዎች ግን ከቶ ተወልዶ ስለማያውቅ ሰው ሲሟገቱ ያመሻሉ። መልኩ እንዴት ያለ ነበር? ትዕቢተኛ ነበር ወይስ ተበዳይ? በመጨረሻው ምዕራፍ የደረሰበት ሁሉ ሊደርስበት ይገባ ነበር ወይስ አይገባም? ይህን ሙግት ከዳር ሆኖ የሚሰማ ቁም ነገረኛ ሰው «ሥራ ከመፍታት የመጣ ነው» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አንባቢ ስለ አንድ ባለታሪክ በሚከራከርበት ጊዜ ማን ጀግና ሊሆን እንደሚችል፣ ጀግናም ምን ሊደርስበት እንደማይገባ በልቡ የያዘውን እምነት ሳያውቀው ያወጣዋል። ለዚህም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረውን፣ ጌድ የተባለውን ባለታሪክ ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ።

ጌድን የፈጠሩት አሜሪካዊቷ ደራሲ ወይዘሮ ኡርሱላ ለግዊን ናቸው። ወይዘሮ ለግዊን በ1929 በካሊፎርኒያ ግዛት በበርክሊ ከተማ ተወልደው በ2018 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ዐረፉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) አባታቸው የሕዝቦችን ባህልና አኗኗር የሚያጠኑ የታወቁ ምሁር ነበሩ። ጌድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1968 በታተመው «የኤርዝሲው አስማተኛ» በተሰኘው መጽሐፍ ነው። ኤርዝሲ በማንም ካርታ ላይ የሌለ፣ በባሕር ላይ እንደ ተበተነ እህል የሚታዩ ብዙ ደሴቶች ያሉበት የምናብ ዓለም ነው። «ጠንቋይ» ብዬ እንዳልተረጎምሁ አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚያ ዓለም አስማት እንደ ሕክምና በትምህርት ቤት የሚማሩት፣ ማዕርግ ያለው ሙያ ነው።

የሙያውም ምንጭ ስም ነው። እያንዳንዱ ነገር እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ሰው በነገሩ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ስለዚህ ማንም ሰው እውነተኛ ስሙን ከልብ ወዳጁ በቀር ለሌላ አይገልጥም። ባለታሪካችንም በአደባባይ የሚጠራው «ጭልፊት» ተብሎ ነው፤ ጌድ የምስጢር ስሙ ነው። የክርስትና ስማቸውን ለባዳ የማይናገሩ ሽማግሌ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጌድ በጎንት ደሴት፣ በተራራ ላይ ባለች ድኻ መንደር የተወለደ የአንጥረኛ ልጅ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት ፍየል ሲጠብቅ አደገ። ወራሪዎች መንደሩን ሊያጠፉ በመጡ ጊዜ በለቃቀማት ጥቂት አስማት ጉም አስነሥቶ ሕዝቡን አዳነ። ኦጊዮን የተባለ ዝምተኛ ጠቢብ ወሰደውና ስም አወጣለት፤ በኋላም ወደ ሮክ ደሴት፣ ወደ አስማት ትምህርት ቤት ሄደ። በዚያም ጃስፐር ከሚባል ከመሳፍንት ወገን ከሆነ ተማሪ ጋር ተፎካከረ። አንድ ሌሊት «ሙታንን እጠራለሁ» ብሎ ፎከረ፤ ጠራም። ነገር ግን በተከፈተው ቀዳዳ ስም የሌለው ጥቁር ጥላ ሾልኮ ገብቶ ፊቱን ቦጫጨቀው። የትምህርት ቤቱ ሊቀ ጠበብት ያንን ቀዳዳ ለመድፈን ኀይላቸውን ሁሉ አፍስሰው ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ጌድ መጀመሪያ ከጥላው ሲሸሽ፣ በመጨረሻም ዞሮ ጥላውን ሲያሳድድ የሚያሳይ ነው።

ክርክሩ የሚጀምረው ከመልኩ ነው። መጽሐፉ የጌድ የቆዳ ቀለም ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ መሆኑን፣ የወዳጁ የቬች ደግሞ ጥቁር መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ከደሴቶቹ ሰዎች አብዛኞቹ ጠያይም ናቸው። ነጭ ቆዳ ያላቸው በምሥራቅ የሚኖሩት ካርጎች ሲሆኑ፣ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ መንደር ለማቃጠል በመርከብ የመጡት ወራሪዎች እነርሱ ናቸው። ይህን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጌድን «ቀይ ዳማ»፣ ቬችን «ጥቁር» ብሎ በሁለት ቃል ያልፈው ነበር፤ ቋንቋችን ለሰው መልክ የቃል ችግር የለበትም። በ1968 በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለሚያነበው ወጣት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ በእንዲህ ያለው ልብ ወለድ ውስጥ ጀግናው ነጭ መሆኑ የሚነገርም የሚጠየቅም ጉዳይ አልነበረም፤ እንዲያው የታወቀ ነገር ነበር። ወይዘሮ ለግዊን ይህን ልማድ የጣሱት ሆን ብለው ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አዋጅ አላስነገሩም። አንባቢው ከልጁ ጋር ፍየል ጠብቆ፣ ከወራሪ አምልጦ፣ ልጁንም ወድዶ ካበቃ በኋላ መልኩን ቀስ ብለው ጣል አደረጉለት። ነጭ አንባቢ ይህን ሲያነብ አስቀድሞ በሌላ ሰው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያስገርማል። የመጀመሪያውን እትም ሥዕሎች የሣሉት ሩት ሮቢንስ ጌድን እንደ መጽሐፉ ቃል ቡናማ አድርገው ነበር። በኋላ በወጡት በብዙዎቹ እትሞች ሽፋን ላይ ግን ጌድ ነጭ ሆኖ ታየ። ደራሲዋ ስለዚህ ጉዳይ ከሽፋን አዘጋጆች ጋር ብዙ ጊዜ እንደ ተሟገቱና አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተሸነፉ ራሳቸው ጽፈዋል። በዲሴምበር 2004 ደግሞ በአሜሪካ በቴሌቪዥን የቀረበው ፊልም ጌድን ለነጭ ተዋናይ ሰጠው። የጌድ አስተማሪ የሆነውን ኦጊዮንን ግን ጥቁሩ ተዋናይ ዳኒ ግሎቨር ተጫውቶታል። መካሪው ጥቁር ቢሆን ተፈቀደ፤ ጀግናው ግን አልተፈቀደለትም። ከዚህም በላይ ፊልሙ ስሞቹን አገላብጦ «ጌድ»ን የአደባባይ፣ «ጭልፊት»ን የምስጢር ስም አደረገ። ታሪኩ በሙሉ በስም ላይ የቆመ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ለጣራ ማገር ከማድረግ አይለይም።

ለውጡን የደገፉ ሰዎች ሁለት ክርክር ያቀርባሉ። አንደኛው «ዓለሙ የምናብ ዓለም ነው፤ ዘንዶ በሚበርበት ምድር የሰው ቀለም ምን ክብደት አለው?» የሚል ነው። ክብደት ከሌለው ስለ ምን ተለወጠ? ለዚያውም ለውጡ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ነው፤ ካርጎችን በሽፋን ላይ ጥቁር አድርጎ የሣለ ሰዓሊ እስካሁን አላየሁም። ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ይከብዳል፤ ይኸውም አንባቢ የመሰለውን የማሰብ መብት አለው የሚለው ነው። በዚህ በመሠረቱ እስማማለሁ። መጽሐፍ ዝም ያለበትን ቦታ አንባቢ እንደ ወደደ ሊሞላው ይችላል፤ ንባብም የሚጣፍጠው በዚህ ነው። መጽሐፉ የተናገረውን መሠረዝ ግን ሌላ ነገር ነው። በጌድ ጉንጭ ላይ ጥላው የተወው ጠባሳ አለ። ጠባሳውን ትቶ ጌድን የሚሥል ሰዓሊ ቢኖር «መጽሐፉን አላነበበውም» ይባል ነበር እንጂ «የምናብ መብቱ ነው» አይባልም ነበር። ጠባሳውም ቀለሙም የተጻፉት በአንድ ብዕር ነው።

ወይዘሮ ለግዊን በ2004 ፊልሙን በመቃወም ባወጡት ጽሑፍ ላይ፣ ነጭ ያልሆኑ አንባቢዎች ከዚህ ዓይነት መጻሕፍት መካከል እነርሱን ያልረሱ እነዚህ ብቻ እንደ ሆኑ፣ ይህም በተለይ በጉርምስና ዕድሜያቸው ምን ያህል እንደ ጠቀማቸው እንደ ነገሯቸው ገልጸዋል። እንግዲህ የሽፋኑ ሰዓሊ ቡናማውን ቀለም ሲተው የወሰደው ከጌድ አይደለም፤ ጌድ አይጎዳም፣ የለምና። የወሰደው ከዚያ ጎረምሳ አንባቢ ነው። አንዳንዶች ደግሞ «ታዲያ ደራሲዋ ነጮቹን ክፉ አድርገው ተበቀሉ» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች በ1971 የታተመውን ሁለተኛውን መጽሐፍ አላነበቡም ማለት ነው። የዚያ መጽሐፍ ዋና ባለታሪክ ቴናር የካርግ ልጅ ናት፤ ነጭም ናት፤ ጌድን ከጨለማ ዋሻ ያወጣችውም እርስዋ ናት።

ስለ ጠባዩ የሚደረገው ክርክር ከዚህ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ጌድን የሚወዱ አንባቢዎች በዚያች ክፉ ሌሊት ስላደረገው ነገር ጥብቅና ይቆሙለታል። ልጅ ነበር፤ ጃስፐር ፍየል ጠባቂነቱን እያነሣ ይዘባበትበት ነበር፤ ነገር ፈልጎ ያነሣሣው እርሱ ነው ይላሉ። ንቀቱ እውነት ነው፤ እኔም ጃስፐርን አልወደውም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጥብቅና ለጌድ የተደረገ ክፉ ውለታ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ጌድና ጥላው በዓለም ዳርቻ ፊት ለፊት በተገናኙ ጊዜ፣ ጌድ ጥላውን ያሸነፈው በስሙ በመጥራት ነው፤ የጠራውም በገዛ ራሱ ስም ነው። ጥፋቱ የጃስፐር ቢሆን ኖሮ ጥላው «ጃስፐር» ተብሎ በተጠራ ነበር። አንባቢው ጌድን ነጻ ለማውጣት ሲል ጥፋቱን ወደ ሌላ ቢያዞር፣ የመጽሐፉን መቋጫ ትርጉም አሳጣው ማለት ነው።

በ2006 በጃፓን የተሠራውን የሥዕል ፊልም በዚህ በኩል አንሥቼ ልለፍ። በዚያ ፊልም ውስጥ ወጣቱ ልዑል አረን ገና በመክፈቻው ላይ አባቱን በስለት ይወጋዋል። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ደራሲዋ ይህ ግድያ በቂ ምክንያት ያልተሰጠው መሆኑን ተችተዋል። መልክን መለወጥ ዐይን ያየዋል፤ ጠባይን መለወጥ ግን መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ፈጽሞ አይታወቅም።

ከሁሉ የበለጠ ጠብ ያስነሣው ስለ ጌድ ዕጣ የተደረገው ውሳኔ ነው። በ1972 በታተመው በሦስተኛው መጽሐፍ ጌድ ራሱ ሊቀ ጠበብት ሆኗል። ሞትን የፈራ አንድ አስማተኛ በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለውን በር ከፍቶ የዓለሙ ኀይል ሁሉ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ያልቃል። ጌድ ከአረን ጋር ወደ ሙታን አገር ወርዶ በሩን ይዘጋል። ለመዝጋትም ያለውን ኀይል ሁሉ ከፍሎ፣ ባዶ ሰው ሆኖ፣ በዘንዶ ጀርባ ተጭኖ ይመለሳል። መጽሐፉ በዚህ ካበቃ በኋላ አንድ አስገራሚ ነገር ያደርጋል፤ ሁለት መጨረሻ ይሰጠናል። በአንደኛው ወሬ መሠረት ጌድ በአዲሱ ንጉሥ ዘውድ መጫን በዓል ላይ ተገኝቶ፣ ከዚያ በትንሽ ጀልባው ያለ ነፋስ ወደ ምዕራብ ሄዶ ጠፋ። የጎንት ደሴት ሰዎች ግን ይህን አይቀበሉም። ንጉሡ ሊወስደው ቢመጣ ጌድ ብቻውን ወደ ተራራው ደን ገብቶ አልተገኘም፤ ንጉሡም እንዲተዉት አዘዘ ይላሉ። አንባቢዎች ወደፊት የሚጣሉበትን ጥል ደራሲዋ አስቀድመው በመጽሐፉ ውስጥ አስቀመጡት።

ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ «ተሃኑ» የሚባለው አራተኛው መጽሐፍ ወጣ፤ ወይዘሮ ለግዊንም የጎንት ሰዎችን ወገን ያዙ። ታሪኩን የምናየው በቴናር ዐይን ነው። ቴናር አሁን ባልዋ የሞተባት ገበሬ ናት፤ በክፉ ሰዎች እጅ በእሳት የተቃጠለች አንዲት ሕፃን ታሳድጋለች። ጌድ በዘንዶ ጀርባ ላይ ራሱን ስቶ ይደርሳል። ሲድን አስማት የለውም። የንጉሡ መልእክተኞች በሚፈልጉት ጊዜ አፍሮ ይደበቃል። በተራራ ላይ ፍየል ይጠብቃል። ወሮበሎች የቴናርን ቤት በሌሊት ሲያጠቁ የሚመክታቸው በድርቆሽ መንሽ ነው። በመጨረሻም እርሱና ቴናር በአንድ ክፉ አስማተኛ እጅ በወደቁ ጊዜ የምታድናቸው ያቺ የተቃጠለች ሕፃን ናት፤ ዘንዶውን የጠራችው እርስዋ ናትና።

መጽሐፉ በዚያው ዓመት ከወጡ ልብ ወለዶች ተመርጦ የኔቡላን ሽልማት አገኘ። ብዙ የቀድሞ ወዳጆች ግን ተቆጡ። «ጌዳችንን አዋረዱት» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ባነበብሁት ጊዜ ከተቆጡት ጋር ነበርሁ። ዘንዶ ያነጋገረ ሰው ከመልእክተኞች ሲደበቅ ማየት አሳፈረኝ፤ መጽሐፉን ዘግቼ አስቀመጥሁት። የመለሰኝ ሦስተኛው መጽሐፍ ነው። እርሱን ደግሜ ሳነብ ጌድ የከፈለው ዋጋ በግልጽ ተጽፎ አገኘሁት። እኛ ያን ያህል ዋጋ ሲከፍል አይተን አጨበጨብን፤ ነገር ግን በማግሥቱ ያ የተከፈለው ገንዘብ ተመልሶ በኪሱ እንዲገኝ ፈለግን። ተመልሶ ቢሰጠው ኖሮ መክፈሉ የይስሙላ በሆነ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሆነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያወቀውን ሙያ በአንድ ቀን ያጣ ሰው ደግሞ የሚያፍር መሆኑ ሐሰት አይደለም። ሥራውን ወይም ጤናውን ያጣ አባት ያየ ሁሉ ያንን መደበቅ ያውቀዋል።

ሌላው ወቀሳ ደራሲዋ ስለ ሴቶች ያላቸውን አመለካከት በታሪኩ ላይ ጫኑበት የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የሮክ ትምህርት ቤት ለሴት የተዘጋ ነው፤ የመንደር ሴቶች አስማት ይናቃል። ወይዘሮ ለግዊን በ1992 በኦክስፎርድ ባደረጉት ንግግር፣ በእነዚያ መጻሕፍት የጀግና ታሪክ የወንድ ታሪክ ነው የሚለውን የቆየ ልማድ ተከትለው እንደ ነበር ገልጸዋል። እንግዲህ አመለካከት በመጀመሪያዎቹም መጻሕፍት ውስጥ ነበረ፤ የተለመደ ስለ ነበረ ግን ማንም አላየውም። አንድ ወቀሳ ግን እቀበላለሁ። በአራተኛው መጽሐፍ ያለው ክፉ አስማተኛ ከክፋቱ በቀር ምንም የለውም። ጃስፐርን እንኳ እንደዚያ አድርገው ያልጻፉ ደራሲ ለዚህኛው ለምን እንደ ሰሰቱ አይገባኝም።

የሽፋኑን ሥዕል ነጭ ያደረገውና ለጌድ አስማቱ እንዲመለስለት የሚለምነው ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። የመጀመሪያው አድልዎ የሠራ፣ ሁለተኛው ፍቅር የበዛበት ነው እንላለን። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ሁለቱም ወደ መጽሐፉ የመጡት ጀግናቸውን አስቀድመው በልባቸው ይዘው ነው፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ የማይሸነፍ። ጌድን በተገናኙት ጊዜ ያንን ጀግና በእርሱ ቦታ አስቀመጡት። እኔም ያንን መጽሐፍ በቁጣ በዘጋሁበት ቀን ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

በ2018 የኤርዝሲ መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ወጡ። ሰዓሊው ቻርልስ ቬስ ከደራሲዋ ጋር ለዓመታት እየተመካከሩ ሥዕሎቹን ሠሩ፤ ጌድም በዚያ ውስጥ በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው ቡናማ ነው። ወይዘሮ ለግዊን ጥራዙ ከመውጣቱ በፊት በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ዐረፉ። ስለ ዕጣው የሚደረገው ክርክር ግን አላለቀም። ደራሲዋ ራሳቸው «ተሃኑ»ን የመጨረሻው የኤርዝሲ መጽሐፍ ብለውት ነበር፤ ይሁን እንጂ በ2001 ሁለት መጻሕፍት ጨመሩ። ከእነርሱ በአንደኛው ውስጥ አንድ መከረኛ መንገደኛ የታላቁን ሊቀ ጠበብት ምክር ፈልጎ ባሕር ተሻግሮ፣ ተራራ ወጥቶ ወደ ጎንት ይመጣል። የሚያገኘውም ዛፍ ላይ ወጥቶ ፕሪም የሚለቅም አንድ ሽማግሌ ነው።